የአየሩን ሞገድ ማን ይጠብቀው? ሕጉ ብዙ፣ አስከባሪው ጥቂት

ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት እናት ወደ ቢሮአችን መጡ። በእጃቸው በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና "ልጄ በኢንተርኔት አዝዞ ያስመጣው ነው። ማታ ማታ ክፍሉን ዘግቶ ከማን ጋር እንደሚያወራ አላውቅም። ፖሊስ ይመጣብን ይሆን? እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፣ ንገሩኝ እንጂ" አሉን። ፌስታሉን ስንፈታው ያገኘነው አንድ ትንሽ ጥቁር የእጅ ሬዲዮ ነው። ወታደሮችና የጥበቃ ሠራተኞች የሚይዙትን ይመስላል፤ ከቻይና በፖስታ የመጣ ነው፤ ዋጋውም ከአንድ ጥንድ የስፖርት ጫማ ያነሰ ነው።

እኛ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች ነን እንጂ የሬዲዮ መሐንዲሶች አይደለንም። መጀመሪያ ላይ የደነገጥነውም እንደ እናትየው ነው። ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ፍርሃት አለና። በደርግ ዘመን የሚያዳምጡበት ሬዲዮ አንድ ነገር ነው፣ የሚናገሩበት ሬዲዮ ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነበር። እዚህም ቢሆን ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 በኋላ "ስልክ ቢቋረጥ በምን እንገናኛለን?" የሚለውን ጥያቄ በብዙ ቤት ሰምተናል። ልጁም የገዛው በዚሁ ሐሳብ ነው።

ለእናትየው የሰጠናቸው መልስ አጭር ነበር። በእስራኤል ያለ ፈቃድ በሬዲዮ ማስተላለፍ ከእንግሊዝ ዘመን የወረስነውና በ1972 በአዲስ መልክ የወጣው የገመድ አልባ ቴሌግራፍ ድንጋጌ የሚከለክለው ጥፋት ነው። ጉዳዩ የሚመለከተው ሚስራድ ሀቲክሾሬትን፣ ማለትም የመገናኛ ሚኒስቴርን ነው። አማተር የሬዲዮ ተጠቃሚ ለመሆን ደግሞ ፈተና አልፎ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል። ይህን ነገርናቸው፣ እርሳቸውም ሬዲዮአቸውን ይዘው ሄዱ። እኛ ግን ጉዳዩን ልንተወው አልቻልንም። ሕጉ ይህ ከሆነ አስከባሪው ማነው? በየቤቱ በፖስታ የሚገባውን ሬዲዮ ሁሉ ማን ይከታተለዋል? መንግሥት ገንዘብና ሰው ሲያጥረው በወረቀት ላይ ያለው ሕግ ምን ይሆናል? ደግሞስ በማን ላይ ይወድቃል?

ይህን ነገር አፍረጥርጦ ለማየት የሚያመቸው አገር አሜሪካ ነው። ከ700 ሺህ በላይ ፈቃድ ያላቸው አማተር የሬዲዮ ተጠቃሚዎች ያሉባት አገር ስለሆነች ብቻ አይደለም። ችግሩን ለአርባ ዓመታት በአደባባይ ሲከራከሩበት፣ አንዱን መፍትሔ ሞክረው ሲተዉ፣ ሌላውን ሲጀምሩ ስለቆዩም ጭምር ነው።

አስቀድመን ስለ አማተር ሬዲዮ ጥቂት እንበል። አማተር ሲባል ሙያ የሌለው ለማለት አይደለም፤ ለክፍያ የማይሠራ ለማለት ነው። ሰዎቹ በቤታቸው አንቴና ተክለው ከጎረቤት ከተማም ሆነ ከሌላ ክፍለ ዓለም ሰው ጋር ይነጋገራሉ። እያንዳንዱ ፈቃድ ያለው ሰው የራሱ የጥሪ ስም አለው። ስሙም አገሩን ይናገራል፤ የእስራኤል በ4ኤክስ ወይም በ4ዜድ ይጀምራል፣ የኢትዮጵያ በኢቲ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥም ኢቲ3ኤኤ የሚባል የክለብ ጣቢያ አለ፤ ተማሪዎቹ ሲጠሩ ከመላው ዓለም ለመመለስ የሚሽቀዳደመው ብዙ ነው ይባላል።

የአሜሪካ ደንብ ለእነዚህ ሰዎች ብዙ ይፈቅድላቸዋል። እስከ 1,500 ዋት ኃይል መጠቀም ይችላሉ፤ ይህ ቀላል ኃይል አይደለም። በምላሹ የሚጠየቁት ጥቂት ነገር ነው። ቢያንስ በየ10 ደቂቃውና ንግግሩ ሲያልቅ የጥሪ ስምን መናገር፣ ለንግድ አለመጠቀም፣ ትርጉሙን ለመደበቅ በምስጢር ቋንቋ አለማውራት፣ ሆን ብሎ የሌላውን ንግግር አለማወክ። ይህን ለሚጠብቅ ሰው ሞገዱ እንደ ጋራ ግጦሽ መሬት ነው። አንዱ ብቻውን አጥር ሊያጥርበት አይችልም፤ አንድ ባለጌ ግን ለሁሉም ሊያበላሸው ይችላል። ብልግናውም ተራ ቀልድ ሆኖ የማይቀርበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን ሲመታና ስልኩም መብራቱም ሲጠፋ፣ የአሜሪካ ቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኛ አማተሮችን ከነመሣሪያቸው እንዲላኩለት ጠይቋል። እንዲህ ባለ ቀን ሞገዱ ላይ የሚያፏጭ ሰው ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይገምተው።

ሕጉን የሚያስከብረው እ.ኤ.አ. በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ነው፤ በአጭሩ ኤፍሲሲ ይሉታል። ኮሚሽኑ ቴሌቪዥኑንም፣ የስልክ ኩባንያዎችንም፣ ሳተላይቱንም ይቆጣጠራል። አማተሩ በዚያ ሁሉ መካከል ጥግ ላይ የተቀመጠ ጉዳይ ነው።

አቅም ሲያጥር ምን እንደሚሆን በጣም ግልጽ አድርጎ የሚያሳየው የ1970ዎቹ የሲቢ ሬዲዮ ታሪክ ነው። ሲቢ ማለት የጭነት መኪና ሾፌሮች በመንገድ ላይ የሚነጋገሩበት፣ ፈተና የሌለው፣ ማንኛውም ዜጋ ሊጠቀምበት የሚችል የሬዲዮ ዓይነት ነው። በዚያ ዘመን እንደ ወረርሽኝ ተስፋፋ። የፈቃድ ማመልከቻው በሚሊዮን ይቆጠር ጀመር፤ ብዙው ሰው ግን ማመልከቻም አላስገባም፣ በውሸት ስም ያወራል፣ ከተፈቀደው በላይ ኃይል ይጠቀማል። ኤፍሲሲ ሊከታተለው አልቻለም። በመጨረሻ በ1983 የግለሰብ ፈቃድ የሚባለውን ነገር ጨርሶ አነሳው። ሕጉ አልተከበረም፤ ስለዚህ ሕጉ እንዲቀር ተደረገ። ይህም አንድ መፍትሔ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ትክክለኛው መፍትሔ ሊሆንም ይችላል። ነገር ግን አማተሮቹ ይህን አይተው ነገ የእኛም ዕጣ ይህ ነው ብለው ፈሩ።

ስለዚህ ሌላ መንገድ ተፈለገ። በ1982 ኮንግረስ ባወጣው ሕግ ኤፍሲሲ የበጎ ፈቃደኞችን አገልግሎት እንዲቀበል ተፈቀደለት። ከደጋፊዎቹ አንዱ የአሪዞናው ሴናተር ባሪ ጎልድዎተር ነበሩ፤ እርሳቸው ራሳቸው የጥሪ ስም ያላቸው አማተር ነበሩ። በዚህ ሕግ ምክንያት ሁለት ነገር ተለወጠ። አንደኛው ፈተናው ነው። ከ1984 ገደማ ጀምሮ በመንግሥት ሠራተኛ ፋንታ በጎ ፈቃደኛ አማተሮች ፈተናውን መስጠት ጀመሩ። ይህ በእኛ አስተያየት በሚገባ የሠራ ነገር ነው፤ ዛሬም ይሠራል። ሁለተኛው ሞገዱን ማዳመጥ ነው። በ1914 የተመሠረተው የአሜሪካ ሬዲዮ ሪሌይ ሊግ የተባለው የአማተሮች ማኅበር አባላቱን አሰልጥኖ ታዛቢ አደረጋቸው። ታዛቢው ጥፋት ሲሰማ ለባለ ጥሪ ስሙ ወዳጃዊ ደብዳቤ ይጽፋል፤ መሣሪያህ ከመስመር ወጥቷል፣ ስምህን መናገር ረስተሃል ይለዋል።

ይህ ለእኛ ማኅበረሰብ እንግዳ ነገር አይደለም። በጎንደር መንደር ውስጥ ሁለት ሰዎች በድንበር ሲጣሉ ፖሊስ የሚመጣው ከስንት ቀን መንገድ ነበር? ነገሩን የሚይዙት ሽማግሌዎች ነበሩ። ሽማግሌ እስር ቤት የለውም። ያለው ክብር ነው፤ የሚሰሙትም ሰዎች ይሉኝታ አላቸው። "ነውር ነው" መባል ከገንዘብ ቅጣት ይልቅ ያስፈራ ነበር። የአማተሮቹም ደብዳቤ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። አብዛኛው ሰው ስሙ በክለቡ ውስጥ እንዲጠፋ አይፈልግምና ደብዳቤው እንደ ደረሰው ያርማል።

ነገር ግን ይሉኝታ የሌለውስ? ሽማግሌ ሲላክበት በሩን የሚዘጋውስ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የኤፍሲሲ ክንድ ዝሎ ስለነበር በአንዳንድ ሞገዶች ላይ ስድቡና ረብሻው ከልክ አለፈ። በ1998 ኮሚሽኑ ሪሊ ሆሊንግስወርዝ የተባሉ ጠበቃ ለዚህ ጉዳይ መደበ። እርሳቸውም እስከ 2008 ድረስ የሠሩት በአብዛኛው በደብዳቤና በስልክ ነበር። አንድ ሰው፣ አንድ ስልክና ብዙ ፖስታ ማለት ይቻላል። አማተሮቹ ግን ልዩነቱን ወዲያው አዩት ይላሉ፤ ምክንያቱም ከደብዳቤው ጀርባ መንግሥት ነበረ። ፈቃድህን እናነሳለን የሚለው ቃል ባዶ አልነበረም። እኛ ከዚህ ታሪክ የወሰድነው ነገር አለ፦ ለማስከበር ሁልጊዜ ሠራዊት አያስፈልግም። ኃላፊነቱ የአንድ የታወቀ ሰው ሲሆንና ያ ሰው ለሚደርሰው አቤቱታ መልስ ሲሰጥ ትንሽ በጀት ብዙ ያስኬዳል። በሚስራድ ሀክሊታም ሆነ በከተማ አስተዳደር ውስጥ ጉዳይ ይዘን ስንሄድ የሚያለቅሰን የገንዘብ እጥረት ብቻ አይደለም፤ "ይህ የእኔ ሥራ ነው" የሚል ሰው መጥፋቱ ነው።

ቀጥሎ የመጣው መቀነስ ነው። በ2015 ኤፍሲሲ በመላው አገሪቱ ከነበሩት 24 የመስክ ቢሮዎች 16ቱን ለመዝጋት አሰበ። የመስክ ቢሮ ማለት መኪና ላይ አንቴና ጭነው ረባሹ የት ቤት እንዳለ ፈልገው የሚያገኙ ሰዎች የሚወጡበት ቢሮ ነው። በኮንግረስ ውስጥ ተቃውሞ ሲነሳ ቁጥሩ ወደ 11 ወረደ፤ የሚዘጉትም ታወቁ። የቀሩት መርማሪዎች በመጀመሪያ የሚሮጡት ለሕዝብ ደኅንነት ጉዳይ ነው፤ የአውሮፕላን፣ የፖሊስ፣ የእሳት አደጋ ሞገድ ሲታወክ። ይህ ትክክል ነው፤ እኛም ብንሆን እንዲሁ እናደርግ ነበር። ሆኖም ከተራው መጨረሻ ያለው ሰው፣ ማለትም በየማታው የሚሰደበው አማተር፣ ተራው እንደማይደርስ ይገባዋል። ረባሹም ይገባዋል።

ስለዚህ እንደገና ወደ በጎ ፈቃደኞች ተመለሱ። በ2019 ኤፍሲሲና ማኅበሩ የስምምነት ሰነድ ተፈራረሙ፤ የድሮው የታዛቢዎች ሥርዓት ቀርቶ በ2020 አዲስ የበጎ ፈቃደኛ ተከታታዮች ሥርዓት ሥራ ጀመረ። ለማስተባበሩም ጡረታ ወጥተው የነበሩት እነዚያው ሆሊንግስወርዝ ተጠሩ። ከ700 ሺህ በላይ ባለ ፈቃድ ባለበት አገር ጆሮአቸውን የሚያውሱት ጥቂት መቶ ሰዎች ናቸው። ያዳምጣሉ፣ ይቀዳሉ፣ ቀንና ሰዓት ይጽፋሉ፣ ለአስተባባሪው ይልካሉ። ጥፋተኛ ብቻ አይደለም የሚመዘግቡት፤ በጨዋነቱ ምሳሌ ለሚሆን ሰውም የምስጋና ደብዳቤ ይላካል። ይህችን ነገር ወደድናት። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚመጣ ፖስታ ሁሉ መርዶ ነው ብሎ ለለመደ ቤተሰብ ምስጋና የያዘ ፖስታ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን።

ከዚህ በኋላ ያለው ውሳኔ ግን የኮሚሽኑ ነው። በጎ ፈቃደኛው ሊቀጣ፣ ቤት ሊገባ፣ መሣሪያ ሊወስድ አይችልም። እንዲህ መሆኑም ደግ ነው፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ሲከታተል ቂም የሚገባበት ቀዳዳ ብዙ ነውና። ከቀበሌ ዘመን የመጣን ሰዎች ይህን ሌላ ሰው እስኪነግረን አንጠብቅም። እንግዲህ በጎ ፈቃደኞቹ የመንግሥት ጆሮ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እጅ ግን ሊሆኑለት አይችሉም። እጁ ዝሎ እንደሆነስ?

እጁን እንመልከት። በ2014 ኤፍሲሲ 14.313 ሜጋኸርዝ በተባለው ሞገድ ላይ ሆን ብለው ሌሎችን ያውካሉ ባላቸው ሁለት ሰዎች ላይ ቅጣት አቀረበ። በሚሺጋን ነዋሪው ላይ 22 ሺህ ዶላር፣ በፔንሲልቫኒያው ላይ 11,500 ዶላር። ሲሰማ ትልቅ ገንዘብ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው ቅጣት መጀመሪያ ሐሳብ ነው፤ የተከሰሰው ሰው መልስ ይሰጣል፣ ከዚያ ውሳኔ ይወጣል። ከውሳኔውም በኋላ ሰውየው አልከፍልም ካለ ኤፍሲሲ ራሱ ማስከፈል አይችልም። ጉዳዩን ለፍትሕ ሚኒስቴር ይልካል፤ ሚኒስቴሩ በፌዴራል ፍርድ ቤት አዲስ ክስ መመሥረት አለበት፤ ፍርድ ቤቱም ነገሩን ከሥሩ ያየዋል። አሁን ራሳችሁን በዐቃቤ ሕጉ ቦታ አድርጉ። ጠረጴዛው ላይ የግድያ፣ የአደንዛዥ ዕፅ፣ የትልቅ ማጭበርበር መዝገብ ተከምሯል። በሬዲዮ ያፏጨውን ሰውዬ መቼ ያነሳዋል? ጊዜው ደግሞ ይሮጣል፤ ማስከፈያው ክስ በአምስት ዓመት ውስጥ ካልተመሠረተ ይቀራል።

ይህ ችግር የአማተር ብቻ አይደለም። ዎል ስትሪት ጆርናል በ2019 እንደዘገበው፣ ኤፍሲሲ ከ2015 ጀምሮ በማሽን እየደወሉ ሰውን በሚያስቸግሩ ላይ በድምሩ 208.4 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ወስኖ በእጁ የገባው 6,790 ዶላር ነበር። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበብነው። ስድስት ሺህ ሰባት መቶ ዘጠና። በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ የሚወጣው ቅጣትና ካዝና ውስጥ የሚገባው ቅጣት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ አናውቅም።

ሌላው ከባድ ነገር ደግሞ ሁሉም አጥፊ ክፉ አለመሆኑ ነው። በሐምሌ 2021 በአይዳሆ ግዛት ኤልክ ሪቨር በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ የደን እሳት ተነሳ። እሳቱን ከአየር ለማጥፋት የሚበሩ አውሮፕላኖችና በምድር ያሉት ሠራተኞች በሚነጋገሩበት ሞገድ ላይ አንድ አማተር ገባ። ሰውየው ፈቃድ አለው፤ ግን ለዚያ ሞገድ አይደለም። ለመርዳት ብዬ ነው፣ በአካባቢው ስላለው አደጋ ላስጠነቅቃቸው ነው አለ። ከእሳት ተከላካዮቹ ኃላፊዎች አንዱ የእሳቱን ሥራ ትቶ መኪና ነድቶ ሰውየው ያለበት ድረስ ሄዶ አስቆመው። ኤፍሲሲ 34 ሺህ ዶላር ቅጣት ያቀረበው በሰኔ 2022 ነው። ሕጉ እንዲህ ላለው ጥፋት የቅጣት ማስታወቂያ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲወጣ ስለሚያዝ፣ ጊዜው ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው።

ይህን ታሪክ ደግመን ስናየው ሰውየውን ያገኘው ማነው? ከዋሽንግተን የመጣ መርማሪ አይደለም። ሥራውን ጥሎ የሄደው እሳት ተከላካይ ነው። የማስከበሩ ወጪ አልቀነሰም፤ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው፣ ያውም እሳት እየነደደ ባለበት ሰዓት ተዛወረ እንጂ። መንግሥት በጀት ቀነስኩ ሲል ማን እየከፈለ እንደሆነ መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው። በትምህርት ቤት የአማካሪ ሰዓት ሲቀነስ ወጪው ጠፋ ማለት ነው? ወደ እናት ጓዳ ሄዷል። እኛ ይህን በየቀኑ እናያለን።

የኤፍሲሲ መርማሪዎች ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚያጠፉት ደግሞ ያለ ፈቃድ በኤፍኤም በሚያሰራጩ ጣቢያዎች ላይ ነው። በጥር 2020 የወጣ ሕግ ለእነዚህ ቅጣቱን በቀን እስከ 100 ሺህ ዶላር፣ በጠቅላላው እስከ 2 ሚሊዮን ዶላር አደረሰው፤ ችግሩ በባሰባቸው አምስት ከተሞች በየዓመቱ አሰሳ እንዲደረግም አዘዘ። ለጣቢያዎቹ ቤት ላከራዩ ሰዎችም ማስጠንቀቂያ መላክ ተጀመረ። ከነዚህ ጣቢያዎች መካከል ብዙዎቹ ያሉት በኒው ዮርክ፣ በማያሚና በቦስተን የስደተኞች ሰፈር ውስጥ ነው። ከሄይቲና ከሌሎች የካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ሰዎች በቋንቋቸው ዜና፣ ጸሎት፣ የለቅሶ ማስታወቂያ ይሰሙባቸዋል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ስለራሳችን አሰብን። እኛ ወደ እስራኤል ስንመጣ ሬካ ነበረልን። ሽማግሌዎቻችን በዕብራይስጥ አንድ ቃል ሳይሰሙ የጦርነቱንም፣ የቢቱዋህ ለኡሚንም፣ የዘመድ መርዶንም በአማርኛ የሰሙት በመንግሥት ሬዲዮ ነው። ሰዓቱ አጭር ነው ብለን ብዙ አማርረናል፤ እናማርራለንም። ነገር ግን ሬካ ባይኖር ኖሮ ከመካከላችን አንዱ ጣራው ላይ አንቴና አይሰቅልም ነበር ብሎ የሚምል ማነው? ሕጋዊውን በር ማስፋት ከማስከበር ይረክሳል። አሜሪካኖቹም ይህን አላጡትም፤ ከ2000 ጀምሮ እስከ 100 ዋት ለሚደርሱ ትንንሽ የማኅበረሰብ ጣቢያዎች ፈቃድ መስጠት ጀምረዋል፤ በጥር 2011 የወጣ ሕግም በሩን አስፍቶታል። በትልልቆቹ ከተሞች ግን ባዶ ሞገድ ጥቂት ነው። ስደተኛው ያለው ደግሞ እዚያው ነው።

በእስራኤልም ያለ ፈቃድ የሚያሰራጩ ጣቢያዎች ታሪክ ረጅም ነው። አቢ ናታን ከ1973 እስከ 1993 ከመርከብ ላይ የሰላም ድምፅን አሰራጩ። አሩፅ ሼቫ ደግሞ በ1988 በመርከብ ላይ ጀመረ። ክኔሴት በ1999 ሕጋዊ ሊያደርገው ሕግ አወጣ፣ በ2002 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሕጉን ሻረው፣ በ2003 ኃላፊዎቹ ተፈረደባቸው። አንድ ጣቢያ፣ አሥራ አምስት ዓመት። ፖለቲካውን ለፖለቲከኞች እንተወውና፣ ኃይለኛ ወዳጅ ያለው ሰው ሕግ ቢጥስ ሕጉን ሊቀይሩለት እንደሚሞከር ልብ እንበል። ከዚህ ሌላ በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ በየከተማው የበዙት የኤፍኤም ጣቢያዎች በቤን ጉርዮን አየር ማረፊያ የአብራሪዎችን ንግግር እስከ ማወክ ደርሰው ነበር። ኤፍኤም የሚያልቀው 108 ሜጋኸርዝ ላይ ነው፤ አውሮፕላኖች የሚነጋገሩት ከ118 ጀምሮ ነው። በሚገባ ያልተሠራ ማሰራጫ ከመስመሩ ሲፈስ ወደ እነርሱ ይገባል። ጸሎት ወይም ዘፈን እያሰራጨ ያለው ሰው ይህን ላያውቅ ይችላል። የቻይናውን ሬዲዮ የያዘው ልጃችንም ላያውቅ ይችላል።

አሁን ወደ ፈራነው ነገር እንምጣ። አስከባሪ ጥቂት ሲሆን ሁሉንም ሊይዝ አይችልም፤ ስለዚህ ይመርጣል። ማንን ይመርጣል? በአማተሮቹ ዘንድ መልሱ የሚያሳዝን ነው። የሚገኘው ባለ ፈቃዱ ነው፤ ስምና አድራሻ አለው፣ ደብዳቤ ይደርሰዋል፣ የሚያጣው ፈቃድ አለው። ስሙን ሳይናገር የሚያውከው ግን በአንቴና ታድኖ መገኘት አለበት። እናም ሕግ አክባሪው ትንሽ ሲሳሳት ይታረማል፤ ሕግ የለሹ ይቀራል።

የእኛ ማኅበረሰብ ግን ሌላም ዓይነት ምርጫ ያውቃል። በ2016 በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር በኤሚ ፓልሞር የተመራው ኮሚቴ ሪፖርት በኢትዮጵያውያን ላይ አድልዎና ከልክ ያለፈ የፖሊስ ክትትል መኖሩን የመንግሥት ወረቀት ላይ አሰፈረው። በ2015 እና በ2019 ልጆቻችን አደባባይ የወጡትም ለዚሁ ነው። ፖሊስ አቅም የለኝም በሚልበት ከተማ የእኛን ልጅ መናፈሻ ውስጥ ለማስቆም አቅም ሲያጣ አላየንም። ስለዚህ አንድ ባለሥልጣን "ሁሉንም መከታተል አንችልም" ሲል፣ እኛ ቀጥለን የምንጠይቀው "እንግዲያው በምን መስፈርት ትመርጣላችሁ?" ብለን ነው። መስፈርቱ ካልተጻፈ የሚመርጠው የሰውየው ዓይን ነው። የአሜሪካኑ ሥርዓት ብዙ ድካም ቢኖርበትም እዚህ ላይ አንድ ነገር አለው፦ በጎ ፈቃደኛው የሚመዘግበው የሰማውን ድምፅ፣ ሞገዱንና ሰዓቱን ነው፤ የሰውየውን መልክ አያየውም።

በጎ ፈቃደኛ አያስፈልግም የሚሉ ወገኖች አሉ፤ መንግሥት ግብር የሚሰበስበው ለዚህ አይደለም ወይ ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ነገር ግን በ1982 በጎ ፈቃደኞቹ ባይገቡ ኖሮ ፈተናው ራሱ ይቀር፣ አማተር ሬዲዮም እንደ ሲቢው ይሆን ነበር ብለን እንጠረጥራለን። ሌሎች ደግሞ ሁሉንም ለማኅበሩ ስጡትና መንግሥት ይውጣ ይላሉ። ይህኛው የበለጠ ያሰጋናል። ሽማግሌው የሚከበረው ከእርሱ በኋላ ዳኛ እንዳለ ሲታወቅ ነው፤ ባል ሚስቱን ሲመታ "በሽማግሌ ጨርሱት" ብሎ ፖሊስ ሲመለስ ምን እንደሚከተል በሥራችን አይተናል። በሁለቱ መካከል ያለው ሥራ የጠበቃ ደመወዝ፣ የመኪና ነዳጅ፣ ለአቤቱታ መልስ የሚሰጥ ሰው ይፈልጋል። ኤፍሲሲ ከሚያዝያ 2022 ጀምሮ ከአማተር ፈቃድ አመልካቾች 35 ዶላር ያስከፍላል። አማተሮቹ ቅር ያላቸው በ35 ዶላሩ ሳይሆን ገንዘቡ ሞገዱን ለመጠበቅ ይዋል አይዋል የሚነግራቸው ስለሌለ ይመስለናል።

እናትየውን ባለፈው ሳምንት በሰፈሩ መትናስ አገኘናቸው። ልጁ ለፈተናው እያጠና ነው፤ በከተማው ካሉ አማተሮች አንድ ሽማግሌ ሰው በሳምንት አንድ ቀን ያስተምሩታል አሉን። ሬዲዮውስ? አልናቸው። "ፈቃዱን በዓይኔ እስካይ ድረስ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ፤ ቁልፉም እዚህ ነው" ብለው የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ አሳዩን።